መስቀሉ የማን፣ ማኅተሙ የማን?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ረዳቱ «ደብረ ዘይት!» ብሎ ሲጣራ ተሳፋሪው «ቢሾፍቱ ላይ አውርደኝ» ይለዋል፤ «ናዝሬት» ሲል ደግሞ «አዳማ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በሁለቱ ስሞች የሚጣላ የለም። አዳማ የወንጌሉን ከተማ የናዝሬትን ስም፣ ቢሾፍቱም የደብረ ዘይትን ስም ያገኙት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ መንግሥት ከተማን ክርስትና ያነሣ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ በሰሌዳውና በማኅተሙ ላይ የቀደሙት ስሞች ተመልሰዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ብሏል። ይህን አንቀጽ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን በግማሽ ነው፤ መለያየትን አለመነካካት አድርገን እንወስደዋለንና።

እሑድ ረፋድ ቅዳሴ አብቅቶ ምእመኑ ሲበተን ከአዳማ አጥቢያዎች ወደ አንዱ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ሁለቱን ሥልጣናት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኛቸዋል። ግድግዳው ላይ የሥላሴ ሥዕልና የፓትርያርኩ ፎቶግራፍ አለ። ከጠረጴዛው ላይ የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ይታያል። በተቆለፈው የብረት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ማኅተሙ፣ የባንክ ቼኩና ከተማው የሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ተቀምጠዋል። ሙዳየ ምጽዋቱ አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው አይደለም፤ ቆጣሪዎች ተቀምጠው፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹም ፈርመው ነው። ሥዕሉና መስቀሉ የቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቼኩ በባንክ ሕግ ይመራል። ካርታው የሚያመለክተው መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መዝገቡ የሁለቱም ነው። ማኅተሙስ?

የሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ጥያቄ በሰላም ጊዜ አያነሡትም። ጥያቄው የሚነሣው አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ሁለቱም የመስቀል ዓርማ ያለባቸው፣ ሁለቱም በ«አቡነ» የተፈረሙ፣ ሁለቱም ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ተቀይሯል የሚሉ ናቸው። ደብዳቤው ወደ ባንክ ሲሄድ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ የትኛውን ፊርማ እንደሚቀበል መወሰን አለበት። ነገረ መለኮት አልተማረም፤ ማን እውነተኛ ጳጳስ እንደሆነ እንዲፈርድም የሾመው የለም። ገንዘቡን ለአንዱ ከከፈለ ግን ፈርዷል፤ ለሁለቱም ከከለከለም ፈርዷል።

«የባንኩ ሠራተኛ ዝም ሲልም ይፈርዳል፤ ዳኛውም እንዲሁ።»

የጥር 14ቱ ሹመት

ይህ ምሳሌ ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ ወሊሶ አካባቢ በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሳዊሮስ የሚመሩ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ እውቅና ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ያቀረቡት ምክንያት የኦሮሞ ምእመን በቋንቋው አይገለገልም፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ አመራር ውስጥም ተገቢ ቦታ አላገኘም የሚል ነበር። ጥር 18 ቀን ቅዱስ ሲኖዶስ ሦስቱን ሊቃነ ጳጳሳትና የተሾሙትን ሥልጣነ ክህነታቸውን አንሥቶ አወገዘ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቀኖና ወጥቶ ወደ በር ወረደ። የሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤቱን ማን ይከፍታል? ጥበቃው ማንን ያስገባል? ፖሊስ ማንን ያጅባል? ሲኖዶሱ የክልሉ የጸጥታ አካላት ለአዲሶቹ ተሿሚዎች በር ያስከፍታሉ ሲል ከሰሰ። ጥር 27 ቀን በስምጥ ሸለቆው መንገድ ጫፍ ላይ ባለችው ሻሸመኔ ደም ፈሰሰ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩ በውይይት እንዲፈታ ተናገሩ፤ ሲኖዶሱ ይህ እርሱን ከተወገዙት ጋር እኩል የሚያቆም ነው ብሎ ተቃወመ። ምእመኑ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሶ ጾመ። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠራ። በዚያው ሳምንት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተወገዙት ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጥር ግቢ እንዳይገቡ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ሰልፉ ተራዘመ፤ የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት 10 ነጥብ ያለው ስምምነት ተፈረመ።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ጥቁሩን ልብስና ስምምነቱን ነው። የእግድ ትእዛዙ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ነገር ይዞ ነበር። ትእዛዙ ጊዜያዊ ነው፤ የጉዳዩን ሥር አልፈረደም። ሆኖም አንድ የዓለማዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ማን ጳጳስ እንደሆነ ሳይመረምር ማን ወደ ግቢ እንደማይገባ መወሰን እንደሚችል አሳይቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። ፍርድ ቤት ጳጳስ አይሾምም፣ አይሽርም፤ የቁልፉን ጉዳይ ግን መፍረድ አለበት። ሲፈርድም «እውነተኛው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ይህች ተቋም ራሷ በጻፈችው ሕግ ይህን የሚወስነው ማን ነው?» ብሎ ነው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መልሱ አያደናግርም፤ በሕገ ቤተ ክርስቲያኗ የመጨረሻው ሥልጣን የቅዱስ ሲኖዶስ ነው።

ውግዘት ዙፋን ይገለብጥ በነበረ ጊዜ

ይህ ቀላል የሚመስል መስመር ለመሰመር ዘመናት ፈጅቷል። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 አንቀጾች መንፈሳዊውን፣ የቀሩት ሥጋዊውን ፍርድ ይይዛሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ በዓረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ሁለቱን ፍርዶች በአንድ ጥራዝ አስሮ ለንጉሡም ለካህኑም ሰጠ። መሬቱም «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» እየተባለ ይነገርለት ነበር። በዚያ ሥርዓት ውግዘት የነፍስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት ቃለ መሐላ ሲፈቱ በአንድ የጳጳስ ቃል ዙፋን ተገለበጠ።

ለስምጥ ሸለቆው ሕዝብ ይህ ታሪክ ሌላ መልክም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር አርሲን ሲይዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ዳኛና ባለ ርስት በአንድ ጊዜ ነው የደረሱት። ከሸዋ የመጣው ካህን የእግዚአብሔርን ሕግ ሲያስተምር ገባሩ የሰማው የመንግሥትን ሕግ ጭምር ነበር። (በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የኖሩት ዘዮች ክርስትና ከዚህ ዘመቻ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ ስለዚህ በዚህ ምድር ክርስትና ሁሉ ከጠመንጃ ጋር መጣ ማለት ስሕተት ነው።) የ2015ቱ ቅሬታ ለምን ያን ያህል እሳት ይዞ እንደተነሣ የሚጠይቅ ሰው ይህን ትዝታ ማለፍ አይችልም።

መንግሥት ሁለቱን ሥልጣናት ለመለየት ሲሞክር መጀመሪያ ያደረገው መለየት ሳይሆን መግዛት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረጋት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጣት ሌሎቹን እምነቶች ግን በአንቀጽ 407 ወደፊት ለሚወጣ ልዩ ሕግ ተወላቸው። የዚህ አድልዎ ዋጋ ናዝሬት ላይ ታይቷል። ከተማዋ በሜኖናውያን ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ዙሪያ ላደገችው ለመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻ፣ ለጴንጤቆስጤው የወጣቶች እንቅስቃሴም ከቀደሙት ማእከሎች አንዷ ነበረች። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ጠይቀው ተከለከሉ። ልዩ ሕጉ አልወጣም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ በሕግ ፊት የለም።

ደርግ ደግሞ ሁሉንም እኩል አደረጋቸው፤ በመጨቆን። የኦርቶዶክስን የገጠር መሬት በ1967ቱ አዋጅ ወረሰ፣ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበር አወረደ፣ ኋላም ገደላቸው። በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ ንብረቷን ወሰደ፤ መሪዎቿን አሰረ። ቀኖናም ሆነ መተዳደሪያ ደንብ አልተጠቀሰም፤ ክርክር የሰማ ዳኛም አልነበረም። «ፍርድ ቤት በሃይማኖት ጉዳይ አይግባ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ይበጃል። ፍርድ ቤት በሌለበት ለሃይማኖት ባዶ ቦታ አይቀርም፤ ካድሬ ይገባበታል።

«ፍርድ ቤት በሌለበት ካድሬ ይገባል።»

ካህኑ ሲፋታ

ሁለቱ ሕጎች ሳይጋጩ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ምሳሌ ጋብቻ ነው። አዳማ ውስጥ በተክሊል የተጋቡ ሁለት ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት ተጋብተዋል። በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም ተጋብተዋል፤ ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ እንደ ፌዴራሉ ሁሉ የሃይማኖት ጋብቻን ይቀበላልና። ፍቺ ላይ ግን መንገዱ ይለያል። ጋብቻን በሕግ ፊት የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው፤ የንስሐ አባት፣ ሽማግሌም ሆነ ጳጳስ አይደለም። መቂ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ቪካሪያት መንበር ናት፤ አንድን የመቂ ካቶሊክ ምእመን ፍርድ ቤት ቢያፋታውም ቤተ ክርስቲያኑ ግን ትዳሩ ጸንቷል ትለዋለች። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ይበልጥ ግልጽ የሆነው የካህኑ ጉዳይ ነው። ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ያገባ ቄስ በመንግሥት ሕግ ምንም አላጠፋም። ልጆቹ ይወርሱታል፣ ቤቱ ይከፈላል፣ አዲሱ ጋብቻው ይመዘገባል። ቤተ ክርስቲያን ግን ክህነቱን ትወስዳለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ይህ ቄስ ክህነቴን መልሱልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ዳኛው ሊሰማው አይገባም። የሠራበት ደመወዝ ቀርቶብኛል ቢል ግን ሊሰማው ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሃይማኖት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተለየ አሠራር ሊኖረው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ያም ቢሆን በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ከመቅደሱ ከሚገባው ካህን ጋር አንድ ዓይነት ጉዳይ የለውም። እዚህም መስመሩ ያው ነው። መንፈሳዊው ማዕረግ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከማዕረጉ ጋር የተያያዘው እንጀራ ግን የሕግ ጉዳይ ነው።

ሕጉ ጨርሶ ወደ ኋላ የማይልበት ጉዳይም አለ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ የቤተሰብ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ በማንም ሥርዓት ብትዳር ወንጀል ነው፤ ቀኖና አይጠየቅም። ሙዳየ ምጽዋት የሰረቀ ሌባ ነው፤ ንስሐው ከነፍስ አባቱ ጋር፣ እስራቱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር።

ሙስሊም ወገኖች የመረጡት መንገድ ሌላ ቢሆንም ድንበሩ ያው ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የመንግሥት እውቅና አላቸው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ግን ሥልጣናቸው የሚጸናው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ሳይስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸውን ሴት አቤቱታ ተቀብሎ ፍርዱን የሻረው በዚህ ምክንያት ነው። ለኦርቶዶክሱም ያው መለኪያ ይሠራል። አንድ ሰው በፈቃዱ የገባበት ሕግ ይገዛዋል፤ ሲወጣ አይከተለውም።

«ነገሩን በቤታችን እንጨርሰው»

ይህን መስመር የሚቃወሙ ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ አባቶች ናቸው። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ይዘው ወንድም ወንድሙን በማያምን ዳኛ ፊት አይክሰስ ይላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ገመናም አደባባይ አይውጣ ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ለወንድማማች። ችግሩ የሚነሣው አንዱ ወንድም በሩን ሰብሮ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ዳኛ ካልተጠራ የሚጠራው ፖሊስ ነው፤ ፖሊስም ያለ ዳኛ ሲመጣ ያዘዘውን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈጽማል። ሲኖዶሱ በ2015 ከየትኛውም አካል በፊት ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ከሰልፉ ቀን ቀደም ብሎ ይበርድ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሁለተኞቹ ከባድ ጥያቄ ያነሣሉ። ፍርድ ቤት የሲኖዶሱን ውሳኔ ብቻ ካስፈጸመ የተበደለው ወገን የት ይሂድ? ልጁን በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምርለት ካህን ያጣ የአርሲ ነገሌ ገበሬ በሲኖዶስ ድምፅ ከሌለው በፍርድ ቤትም ድምፅ አይኑረው? ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ የየካቲት 8ቱ ስምምነት ራሱ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ማለቱ ይህን ያስመሰክራል። ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲኖዶሱ 9 አዳዲስ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ፤ ብዙዎቹ ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ናቸው። እውነተኛ ቅሬታ ግን ሥልጣን አይሰጥም። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ በደሉ ትክክል ቢሆንም ካዝናውን ከፍቶ አይወስድም። ተበዳዩ ሦስት ደጅ አለው፤ ሕጉን በውስጥ ማስለወጥ፣ የውስጥ ሕጉን የጣሰውን አካል በዚያው ሕግ መክሰስ፣ አልሆነ ሲል ወጥቶ የራሱን ማቋቋም። የሚከለከለው የሌላውን ማኅተም ይዞ መውጣት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በከፍተኛ ዋጋ ተምረዋል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1904 የብሪታንያ ከፍተኛው ዳኝነት ነፃ ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ጋር በመዋሐዷ ከጥንት ትምህርቷ ወጥታለች ብሎ መላውን ንብረት ላልተዋሐዱት ጥቂቶች ፈረደ። ጥቂቶቹ ያን ሁሉ ሕንጻ ሊያስተዳድሩ አልቻሉም፤ በዓመቱ ፓርላማው በልዩ ሕግ አስተካከለው። ዳኞቹ የተሳሳቱት ማን ጥንተ ሃይማኖት እንደያዘ ለመለካት በመግባታቸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በተሻረ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ጳጳስ ጉዳይ ከዚህ ወጥመድ ሸሸ፤ የበታች ፍርድ ቤት ሽረቱ ሥርዓቱን አልጠበቀም ብሎ የወሰነውን ሽሮ የሲኖዶሱን ቃል አጸና። ለእኛ የሚቀርበው ግን እኅት ቤተ ክርስቲያን ያለባት ሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማላንካራ አብያተ ክርስቲያናት በ1934ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይመራሉ ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ግልጽ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ቀላል አልሆነም፤ በየአጥቢያው በር ላይ ምእመናን ከፖሊስ ጋር ተፋጠዋል። ትክክለኛ ፍርድ ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ሕንድ አሳይታለች። ሻሸመኔ ደግሞ ፍርድ ሳይኖር የሚመጣውን አሳይታለች።

«እውነተኛ ቅሬታ ሥልጣን አይሰጥም።»

የስምምነቱ ድክመት

የየካቲት 8ቱ ስምምነት ደም አቁሟል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በጠቅላይ ሚኒስትር ፊት የተፈረመ ሽምግልና ሕግ አይፈጥርም። ነገ ሌላ ቡድን፣ በሌላ ሃይማኖት፣ በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ የባንኩ ሠራተኛ ከዚያ ስምምነት የሚማረው የለም፤ የሚጠብቀው ከላይ የሚመጣ ስልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኙ የ1952ቱ አድልዎ በከፊል ታርሟል። አሁን የቀረው ሰውነት ያላቸው ሁሉ በውስጥ ሕጋቸው መሠረት በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲዳኙ በግልጽ የሚናገር የሰበር ውሳኔ ወይም አዋጅ ነው። ሽምግልና ለታረቁ ይበጃል። ሕግ ላልታረቁት ነው።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ ሊያደርገው የሚችለው ትንሽ ነገር አለ። በተክሊል፣ በቃል ኪዳን ወይም በኒካህ ከተጋባችሁ ጋብቻችሁን በቀበሌያችሁ የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ አስመዝግቡ። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ደግሞ የብረት ሣጥኑ እንዲከፈት ጠይቁና በይዞታ ካርታው ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ።